አሜን ያልንበት ኅዳር

የቤት አከራዬ ለኅዳር ሚካኤል ጠላ ልትጠምቅ ጋኗን እያጠነች ነው። ከመስኮቴ ሥር የወይራ ፍልጥ አያይዛ ጋኑን ደፍታበታለች፤ ጭሱ መውጫ ሲያጣ በጋኑ ከንፈር እየሾለከ፣ የጭቃውን ግድግዳ እየላሰ ወደ እኔ ክፍል ይገባል፤ እኔም የአራተኛ ክፍል ልጆች ያበላሹትን የማካፈል ሒሳብ በቀይ ቀለም እያረምሁ ተቀምጫለሁ።

«ምነው መምህርት፣ መስኮቱን አትዘጊውም? ዓይንሽን ይበላዋል እኮ» አለችኝ።

«ይግባ፣ ግድ የለም» አልኋት። ገረማት መሰለኝ። እዚህ ሰፈር የምታወቀው ጭስ፣ ጫጫታና እንግዳ በመጥላት ነው።

እውነቱን ለመናገር በዓል ሲመጣ ይደክመኛል። ይህን ሰው ፊት አልልም፤ በዓል ደከመኝ የሚል ሰው ወይ የታመመ ወይ ከጎረቤት የተጣላ ይመስላል፤ እኔ ደግሞ ሁለቱንም አይደለሁም። ዳባት ላይ የማስተምር፣ ደመወዜ የሚያኖረኝ፣ አልጋውም ወንበሩም የራሴ የሆነ ጤነኛ ሰው ነኝ። ግን ከትናንት ጀምሮ የጃናሞራ ሰዎች በጎዳናው እያለፉ ነው፤ ገሚሱ በእግሩ፣ ገሚሱ በጭነት ማኪና ላይ ከእህል ጆንያ ጋር ተደራርቦ፣ ለቁስቋም በዓል ወደ ጎንደር ይወርዳሉ። ጋቢያቸውንና የቅቤ ቅላቸውን ሳይ ውዬ፣ አሁን ደግሞ ይህ ወይራ ሲጨመርበት፣ ብዕሬን አስቀመጥሁ። ስምንትን ለሁለት ማካፈል ያቃተው ልጅ ጥቂት ቀን ቢቆይ አይጎዳም።

በእኛ ቤት ጋን የሚታጠነው ለኅዳር ቁስቋም ነበር። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዝቅ ብሎ፣ ከእቴጌዪቱ ግንብ ፍርስራሽ በሚወርደው ቀጭን መንገድ ዳር ነው፤ ሁለት ክፍልና አንድ ጓዳ፣ ክረምት በገባ ቁጥር አንዱ ጥግ የሚያፈስ። የደጃፉ ደፍ ከግንቡ የወደቀ የተጠረበ ድንጋይ ስለ ነበር፣ አባቴ «የእቴጌን ደፍ ረግጦ የሚገባ ደብተራ ከእኔ በቀር ማን አለ?» እያለ ይኩራራበት ነበር። አባቴ የደብሩ መሪጌታ ነው፤ ማኅሌት የሚመራ፣ ዜማ የሚያስተምር፣ ትልቅ ትንሹ የኔታ የሚለው። በሌላው ቤት በዓል ማለት መብላትና ማረፍ ይሆናል፤ በደብተራ ቤት ግን በዓል ማለት ሥራ ነው። ሌሊቱን ቆሞ ያደረው አባቴ ድምፁ ተዘግቶ፣ መቋሚያውን እየጎተተ ይገባል፤ እናቴ ከጓዳ ምድጃ፣ ከምድጃ ጓዳ ስትመላለስ ውላ የምትቀምሰው የመጨረሻው እንግዳ አፉን ከጠረገ በኋላ ነው፤ እኔም ውኃ ቀድቼ፣ ጌሾ ወቅጬ፣ ሣር ጎዝጉዤ፣ የበዓሉን መዓልት እንቅልፍ እየጣለኝ አሳልፈዋለሁ። ከሁሉም የሚከብደው የቁስቋም ነው፤ የጃናሞራ እንግዶች የሚመጡት ያን ጊዜ ነዋ።

ማንም አይጠራቸውም። አባቴ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ሳለ፣ አኩፋዳውን አንግቶ በመካነ ብርሃን አካባቢ ሲለምን፣ እነ አያ ፈንታ ደጃፍ ላይ ውሻ ነከሰው፤ የአያ ፈንታ እናትም ቁስሉ እስኪሽር ከቤታቸው አስቀምጠው እንደ ልጃቸው አበሉት። ከዚያ ወዲህ ያ ቤተሰብ፣ የቤተሰቡም ጎረቤት፣ ለቁስቋም ሲወርድ የሚያርፈው እኛ ዘንድ ሆነ። አባቴ ቁርጭምጭሚቱን እያሳየ «ይህ ሁሉ ዝምድና የመጣው ከአንድ ውሻ ጥርስ ነው» ይላል። በዋዜማው ምሽት ገብስ የጫነ አህያና በቅል የሞላ ቅቤ ይዘው ይደርሳሉ፤ ገና ሳይቀመጡ እግር ይታጠባል። ውኃውን የሚያፈሰውና የሚያጥበው የቤቱ አባወራ ነው፤ ገበቴውን የምይዘው እኔ ነኝ። መሪጌታ ሆኖ ጎንበስ ብሎ የገበሬ እግር ሲያጥብ ጎረቤት ይገረም ነበር። እኔ ግን አልወደውም ነበር፤ ያ ሁሉ የተሰነጣጠቀ ተረከዝ፣ ያ ሁሉ የመንገድ አቧራ፣ ያ ሁሉ «እግዜር ይስጥሽ ልጄ»፣ ለእኔ ከሌላ ሥራ ያልተለየ ሥራ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል የገባሁበት ዓመት ሲጀምር ሸጋ ነበር። ለእንቁጣጣሽ አባቴ ፒያሳ ወርዶ የቆዳ ቦርሳ ገዛልኝና ለጎረቤቱ ሁሉ «ለልጄ ማኅደር ገዛሁላት» እያለ አወራ። ደብተራዎቹ ዝም አላሉትም፤ ከበዓሉ ቅዳሴ በኋላ ደጃፋችን ላይ ቆመው ሲያሾፉ አስታውሳለሁ።

«የኔታ፣ ትርንጎን ዳኛ ሊያደርጓት ነው እንዴ?»

«የለም፣ ከእናንተ ጋር የምትከራከር ጠበቃ ነው የማደርጋት» አላቸው፤ ሳቁ።

ለመስቀል ደመራው ሳይቃጠል አስሎት ወደ ቤት ተመለሰ። የጽጌ ወቅት ሲገባ አልጋ ላይ ነበር። በየእሑዱ የአበባው ማኅሌት ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ቤታችን ይሰማል፤ አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በጣቱ ጭቃውን እየመታ ይከተላቸዋል፤ አንዱ ዜማ ሲያበላሽ ቅንድቡ ይኮማተራል። እናቴ «ተዋቸው፣ ይዘምሩ» ትለዋለች። ጽጌው ሳያልቅ ሞተ። ከእኔ በላይ የተወለዱ ሁለት ወንድሞቼ ከተቀበሩበት አጠገብ፣ ከቤተልሔሙ ኋላ ቀበርነው።

እንግዶቹ በዋዜማው ምሽት መጡ፤ አልሰሙም። ወሬ ሊደርሳቸው የሚችልበት መንገድ ላይ እነሱ ራሳቸው ነበሩ። በእኛ አገር ደግሞ መርዶ በምሽት አይነገርም፤ ደክሞት ለመጣና እህል ላልቀመሰ መንገደኛማ ጭራሽ አይነገርም፤ ሲነጋ፣ ሰው በተሰበሰበበት ነው የሚረዳው። ስለዚህ እናቴ የአህያውን ኮቴ እንደ ሰማች ለቀስተኞቹን በጓሮ አስወጣች፤ የተላጨ ራሷን በነጭ ኩታ ሸፈነች፤ ፊቷን ታጠበች፤ ለእኔም «ዓይንሽን ጥረጊ» አለችኝ። መንክር የሚባለው የአባቴ ተማሪ፣ ከሁሉ የበረታውና ከሁሉ ይልቅ አብሮት የቆየው፣ ውኃ ሊቀዳልን መጥቶ ነበርና እግር እንዲያጥብ እሱን ከውኃው ማሰሮ አጠገብ አቆመችው።

አያ ፈንታ ሲገቡ መጀመሪያ የጠየቁት «የኔታስ?» ብለው ነው።

«ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ዘንድሮ ቀድመው ገቡ» አለች እናቴ። ውሸትም አልነበረም።

አያ ፈንታ ዓይናቸው መፍዘዝ ጀምሯል። በርጩማው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ሰጡ። መንክር ጎንበስ ብሎ ውኃውን ያፈሳል፤ እኔ ፊት ለፊቱ ተንበርክኬ ገበቴውን ይዣለሁ። ሽማግሌው መንክርን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ የቤቱ አባወራ ብቻ የሚሠራውን ሥራ ማን እንደሚሠራ አዩ፤ ከዚያ ፊታቸው በራ።

«ምነው ሳትነግሩን? ልጅ ድራችሁ ዝም? ግድ የለም፣ ግድ የለም። የአብርሃምን የሣራን ጋብቻ ያድርግላችሁ፤ ትዳራችሁ አይናጋ፤ በዚህ ገበቴ የልጅ ልጃችሁ እንግዳ ይቀበልበት።»

እንግዶቹ ሁሉ እጃቸውን ዘርግተው አሜን አሉ። ስሕተት ነው ለማለት መንክር ለምን እንደሚያጥብ መናገር ያስፈልጋል፤ ያን መናገር ደግሞ መርዶ መንገር ነው። እናቴን አየኋት። እናቴም እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ከግድግዳው ተደግፋ እጇን ዘረጋችና «አሜን» አለች። መንክርም አለ። እኔም አልሁ፤ ገበቴው ከእጄ እንዳይወድቅ ስታገል ምን እንዳልሁ እንኳ አላስተዋልሁም።

በነጋታው ሲረዱ እነዚያ ትልልቅ ሰዎች ቤቱን በለቅሶ አፈረሱት። አያ ፈንታ ግን ለመሄድ ሲነሡ እናቴን አቅፈው «እሜቴ፣ የሚያሳርፈኝ አንድ ነገር ነው፤ ቤቱ ወንድ አላጣም» አሏት። ሰፈሩ ይህን ሰማ። ሰፈሩ የሰማውን የደብሩ አለቃ ሰሙ።

እዚህ ላይ የቤቱን ነገር መናገር አለብኝ። ቤቱም፣ ከበታቹ ያለው ማሳም የአገልግሎት ነው። የሚዘምርለት ሰው ያለው ቤተሰብ ይኖርበታል፣ ያርሰዋል፤ ዘማሪው ሞቶ የሚተካው ልጅ ወይም አማች ከሌለ ለሚያገለግል ሌላ ይሰጣል። ክፋት የለበትም፤ አባቴም ያገኘው እንደዚያው ነው። አለቃው ደግ ሰው ነበሩ፤ መጥተው፣ እናቴን አጽናንተው፣ «ሰርጉ እስከ ፋሲካ ይቆይ፤ ሐዘን ነው፤ መንክር እስከዚያ በአባቷ ቦታ ይቁም» ብለው ሄዱ። ከእኛ ማንም ሰርግ አላለም፤ ሰርግ ግን ነበር። መንክር አባቱን የማያውቅ፣ ቤት የሌለው፣ ድምፁ እንደ ማር የሆነ ልጅ ነው። እሱ ቤት ያገኛል፣ እናቴ ቤቷን አታጣም፣ እኔ ደግሞ እዳራለሁ። ከሦስታችን ያኮረፍሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

ለገና መጥቶ አብሮን በላ። ሲበላ ያዜማል፤ አንድ ጉርሻ፣ አንድ ዜማ፣ በጉልበቱ ላይ በጣቱ ምቱን እየቆጠረ። ትምህርት ቤት የታዘዝሁትን ካርታ ስስል አይቶ «ኢየሩሳሌም የት ናት?» አለኝ። ገና እንዳልደረስሁባት ነገርሁት። «ስትጨርሺ አሳዪኝ» አለና ወደ ዜማው ተመለሰ። ክፉ ቢሆን ምንኛ በቀለለኝ ነበር። ክፉን ሰው አልፈልግም ማለት አፍ አይጠይቅም፤ ደግ ሰው አልፈልግም ስትይ ግን የሚሰማሽ የለም።

ለጥምቀት እናቴ የራሷን ቀሚስ አጥብባ አለበሰችኝ። ጃንሜዳ አይደለንም፣ ጎንደር ነን፤ ከፋሲል መዋኛ ዳር የከተማው ልጃገረድ ሁሉ ተሰልፏል፣ ሎሚ ከዚህም ከዚያም ይወረወራል። አንድ አልደረሰኝም። የክፍል ጓደኛዬ ጥሩወርቅ ደረቷን በሁለት እጇ እየከለለች «ትርንጎዬ፣ አንቺማ ተመርቀሻል አሉ፤ በተመረቀ ላይ አይወረወርም» ብላ ሳቀችብኝ። መንክር በዚያ በኩል ከታቦቱ ኋላ በአባቴ ቦታ ቆሞ ይወርባል፤ ሴቶቹ እሱን አይተው ዞረው እኔን ያያሉ። ያ ሁሉ እልልታ፣ ያ ሁሉ ከበሮ፣ ያ ሁሉ ነጭ ልብስ በዙሪያዬ እያለ የተሰማኝ ድካም ብቻ ነው፤ ያ ድካም ነው እስካሁን በየበዓሉ የሚመጣብኝ።

በዐቢይ ጾም እናቴ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ስትፈትል አጠገቧ ሄጄ ቆምሁ።

«እምዬ፣ መንክርን አላገባውም።»

እንዝርቱን አላቆመችም። «ክፉ ነው?»

«አይደለም።»

«ይጠጣል?»

«አይጠጣም።»

«ታዲያ ምኑ ነው?»

«ምኑም። ትምህርቴን እጨርሳለሁ። ደግሞ እሱ የሚያገባው ቤቱን ነው እንጂ እኔን አይደለም።»

«ቤቱን ያላገባ ማን አለ? እኔም ያገባሁት ቤቱን ነበር። አባትሽን የወደድሁት ኋላ ነው።» ጥጡን አባዘተች። «አሜንስ? በቁስቋም ዋዜማ፣ በሐዘን ቤት፣ በሽማግሌ አፍ የተባለውን?»

«እንግዳ እንዳይደነግጥ ነው እንጂ።»

«እኔም እንደዚያ እላለሁ። አንዳንድ ጊዜ ግን አልተኛም።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «እና ቤቱ ይሂድ ነው የምትይ?»

«ይሂድ» አልኋት። በዚያ ዕድሜዬ ቤት ማለት የሚያፈሰው ጥግ ነበር።

እንዝርቷን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። በሰሙነ ሕማማት ግን ከሌላው ዓመት በተለየ ስትሰግድ አየኋት፤ ሌላው ሰግዶ ሲያርፍ እሷ አታርፍም፤ ጉልበቷ አብጦ በዕለተ ዓርብ ግድግዳ ይዛ ነበር የምትነሣው። ምን እንደሆነ ያወቅሁት ብዙ ቆይቶ ነው። ለንስሐ አባቷ ነግራቸው ነበር። «እንግዳሽን ልታሳርፊ ያልሽው አሜን ስእለት አይደለም፤ ልብሽ እንቢ ካለሽ ግን ስገጂበት» ብለዋት፣ ያቺ ሴት ከእግዚአብሔር ጋር የእኔን ነገር በጉልበቷ ስትጨርስ ከርማለች።

የፋሲካ ለት ከሰዓት አለቃው እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን መጡ። ጎረሱ፣ ጠጡ፣ ስለ ሰርጉ ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እናቴ ተነሣች፤ ከመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ የኖረችውን ቁልፍ ፈታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

«አባቴ፣ ያ አሜን ቃል አልነበረም፤ እንግዳዬ ሳይበላ እንዳያለቅስ ነው። ልጂቱ ትማር።»

አለቃው ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አገላበጡት። «ወዴት ልትገቢ ነው ልጄ?» አሏት።

«ከተማ ሰፊ ነው» አለች እናቴ፤ ከቁስቋም ቁልቁል ወርዳ ያደረችበት ቀን እንኳ የማይታወቅ ሴት።

ቦታው ለመንክር ተሰጠ፤ ከእሱ የሚሻል ዘማሪ አልነበረም። ሲሰማ መጥቶ ጓዳዋን እንዳትለቅ ለመናት። «በገዛ ጓዳዬ ጥገኛ ልሁን? አይሆንም መንክር» አለችው። ዕቃችንን በትከሻው ያወረደልን እሱ ነው። ጋኑ ብቻ በተከራየናት አንዲት ክፍል በር አልገባ ስላለ ይዞት ተመለሰ። ሲሄድ በሩ ላይ ቆሞ፣ ለእኔ ሳይሆን ለደፉ የሚናገር ይመስል፣ «ካርታውን ጨርሰሽ ታሳዪኛለሽ ብዬ ነበር» አለ። ጨርሼው ነበር። ኢየሩሳሌምንም ጽፌባት ነበር። አላሳየሁትም።

የሚቀጥለው ኅዳር እናቴ በዚያች ከፒያሳ ጀርባ ባለች ክፍል፣ አልጋውን ከግድግዳ አስጠግታ፣ ለሃያ ሰው የሚበቃ ወጥ ሠራች። ማንም አልመጣም። እንግዶቹ ወደሚያውቁት ቤት ሄደዋል፤ መንክር ተቀብሎ፣ እግራቸውን አጥቦ፣ ሲነጋ ሁሉንም አስረዳቸው። በበዓሉ ማግስት አያ ፈንታን ክንዳቸውን ይዞ ወደ እኛ አመጣቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ፤ ስለ ምርቃቱ ምንም አላሉም፤ ከጋቢያቸው ሥር ግማሽ የሆነ የቅቤ ቅል አውጥተው ለእናቴ ሰጧት። ግማሹን ለቤቱ ትተው ግማሹን ለእኛ ማምጣታቸው ነው። እናቴ አመሰገነች፣ ሸኘች፤ ከዚያ ቅሉን አንሥታ ነጠላዋን ለበሰች።

«ወዴት ነው?» አልኋት።

«ለቤቱ ልመልሰው።»

«እምዬ፣ ለእኛ ብለው ነው እኮ ያመጡት።»

«አዝነውልን ነው። እንግዳ አያዝንልሽም፤ ያዘነልሽ ቀን እንግዳዋ አንቺ ነሽ» አለችና ያን ሁሉ ዳገት ይዛው ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ በዓል አልፏል። ትምህርቴን ጨርሻለሁ፤ መምህርት ሆኛለሁ። መንክር አግብቶ ልጆች ወልዷል፤ ድምፁ አሁን ከአባቴ ይበልጣል ይላሉ፤ እኔም ሰምቼዋለሁ፤ እውነት ነው። አያ ፈንታ ዓይናቸው ጠፍቶ ልጆቻቸው እየመሩ ያወርዷቸዋል፤ ከትናንቶቹ መንገደኞች መካከል ይኖሩ ይሆን ብዬ ከትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ዛሬም ጠይቁኝ፣ አላገባውም። እናቴም አንድ ቀን ተጸጽታ አልሰማኋትም። የከፈልነውን የማስበው በሌላ ነገር ነው፤ በዓል በመጣ ቁጥር የሚመጣብን ሰው የለም፣ የሚጠብቀን ሥራ የለም፤ ሰው እንኳን አደረሰሽ ሲለኝ ተቀምጬ እቀበላለሁ። ያን ጊዜ ከሥራው ብዛት ያልቀመስሁት እረፍት አሁን ሞልቶ ተርፎኛል፤ የሚያደክመኝም እሱ ነው።

ነገ እኔም ወደ ጎንደር እወርዳለሁ፤ እናቴን ይዤ ቁስቋም አስቀድሳለሁ። ከቅዳሴ በኋላ በምዕመናኑ ግፊት ከቅጥሩ እንወጣለን። ከበሩ በስተግራ ወደ ቀድሞው ቤት የሚወርደው ቀጭን መንገድ አለ፤ ወደ ከተማው የሚወስደው በቀኝ ነው። እናቴ በየዓመቱ፣ እያወራችኝ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ወደ ግራ ትታጠፍና ጥቂት ትራመዳለች። ክንዷን እይዛታለሁ። ትቆማለች፤ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አውልቃ ታራግፋለች።

«ጠጠር ገብቶብኝ ነው» ትላለች፤ መልሳ ታጠልቀውና በቀኝ እንሄዳለን።